የድንጋዩ ውበት የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ8 ዓመት ልጄ ድንጋይ መልቀም ይወዳል። ኪሱ፣ ቦርሳው፣ የመስኮቱ ደፍ ሁሉ ድንጋይ ነው። ድንጋይ እያሽከረከረ የሚያለሰልስ ማሽን እንዳለ አየሁና ልገዛለት አሰብኩ። ግን ወር ይፈጃል ይላሉ፤ ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት ይጠብቃል? የትኛውን ልግዛ? የለቀመው ድንጋይ ሁሉ ይሆናል? ለጤናውስ አያሰጋም?»

ሰላም እህቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ አዎ፣ ግዢለት። 8 ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። ከባዱንና አቧራ ያለበትን ሥራ አንቺ እስከያዝሽ ድረስ ልጁ በራሱ የሚወስነው ብዙ ነገር አለ። ወር ይፈጃል የሚሉሽም እውነታቸውን ነው፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከወር ያልፋል። ግን ልጆች ጊዜው ስለረዘመ ብቻ አይሰለቹም፤ የሚሠሩት ሲያጡ ነው የሚሰለቹት። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ማሽኑ ድንጋዩን ከውሃና ከሚፍቅ ዱቄት ጋር ነው የሚያሽከረክረው፤ ዱቄቱም በየደረጃው ከሻካራ ወደ ደቃቅ ይቀየራል። ብዙ ጀማሪ ድንጋይ የሚያብረቀርቀው በመጨረሻው ዱቄት ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደረጃ ያቻኩለዋል፣ መጨረሻው ላይ ይጠብቃል። ከዚያ ድንጋዩ ደብዝዞ ሲወጣ ዱቄቱን ወይም ማሽኑን ይወቅሳል። ነገሩ ግን የሚወሰነው መጀመሪያ ላይ ነው፤ የትኛውን ድንጋይ እንደመረጣችሁና በሻካራው ዱቄት ምን ያህል እንደታገሳችሁ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ አብዛኛው ነገር ወደዚሁ ይመለሳል።

ማሽኑን ቶሎ ልጨርሰው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በርሜሉ በጎኑ ተኝቶ ቀስ እያለ የሚሽከረከር ነው። ሁለተኛው የሚንቀጠቀጥ ነው። የሚንቀጠቀጠው ፈጣን ነው፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሊጨርስ ይችላል፤ ግን ድንጋዩን ክብ ክብ አያደርገውም፣ በገባበት ቅርጽ ነው የሚያወጣው፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ማየት ይፈልጋል። ለጀማሪ የምመክረው የሚሽከረከረውን ነው። በርሜሉ የጎማ ይሁን። ፕላስቲክ በርሜል ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። መጠኑ ደግሞ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ ድንጋዮቹ እርስ በርስ የሚጫኑበት ክብደት ስለሌለ ሥራው ይጓተታል። ለልጅ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ማሽኖች ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፣ ግን ሞተራቸው ለሳምንታት ሌት ተቀን እንዲሠራ የታሰበ ላይሆን ይችላል። ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ቀበቶ ያልቃል፣ ይበጠሳል። መለዋወጫው የማይገኝ ማሽን አትግዢ። አንድ ትርፍ ቀበቶ አብረሽ ውሰጂ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጅም እሆናለሁ፣ ምክንያቱም ልጅሽ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ነው።

የለቀመው ሁሉ አይሆንም። ምክንያቱ ጥንካሬ ነው። ፍሪድሪክ ሞህስ የሚባል ጀርመናዊ በ1812 ማዕድናትን በጭረት አወዳድሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሰጣቸው። 1 ላይ ታልክ አለ፣ በጥፍር የሚጫር። 3 ላይ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ የተሠሩበት። 7 ላይ ኳርትዝ። 10 ላይ አልማዝ። ለዚህ ሥራ የምትፈልጉት 7 አካባቢ ያለውን ነው። አጌት፣ ጃስፐርና ድንጋይ ሆኖ የቀረ እንጨት የሚባለው ሁሉ የኳርትዝ ቤተሰብ ናቸው። ቅንጣታቸው በጣም ደቃቅና እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ በእኩል ይፈጋሉ፣ በእኩልም ያብረቀርቃሉ። ለጀማሪ ከነሱ የተሻለ የለም።

ልጁ እንዴት ይለይ? አንድ የብረት ምስማር ስጪው። የምስማር ጥንካሬ ከ5 እስከ 6 መሃል ገደማ ነው። ድንጋዩ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይጫር። መስመር ይታያል። ያ መስመር ምን እንደሆነ ለማወቅ ጣቱን በውሃ አርሶ ያሸው። መስመሩ ከለቀቀ፣ ድንጋዩ ላይ የቀረው ከምስማሩ የተፈቀፈቀ ብረት ነው፣ ድንጋዩ አልተጎዳም ማለት ነው። ይሄኛው ይገባል። መስመሩ በጥፍር ሲነካ እንደ ቦይ የሚሰማ ከሆነ ግን የተጎዳው ድንጋዩ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ። ይሄን አንድ ጊዜ ካሳየሽው በኋላ እመኚኝ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሁሉ እየጫረ ነው የሚውለው።

ሁለተኛው መፈተኛ አቼቶ ነው። ድንጋዩ ላይ ጠብ አድርጉና በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ትንንሽ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ወይም ዘመዱ ነው። ወደ በርሜሉ አይገባም። አንደኛ ለስላሳ ነው፣ ከጠንካሮቹ ጋር ሲሽከረከር ተፈጭቶ ጭቃ ይሆናል። ሁለተኛ ደግሞ አንዳንድ ድንጋይ በርሜል ውስጥ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል፣ ክዳኑን እስኪያስፈነጥር ድረስ። ለዚህም ነው አዲስ ድንጋይ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርሜሉን በቀን አንዴ ከፈት አድርጎ ማስተንፈስ ጥሩ የሚሆነው።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አውጡትና ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ሲደርቅ እያያችሁ ቆዩ። ላዩ ቶሎ ይደርቃል። ስንጥቅ ካለው ግን ውሃው እዚያ ውስጥ ስለሚዘገይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ልጁ ያንን መስመር በእርሳስ ያክብበው። እንዲህ ያለ ድንጋይ አንድም መሃል መንገድ ላይ ይሰበርና ስለታም ጠርዙ ሌሎቹን ይቧጭራል፣ አንድም ሻካራውን ዱቄት በስንጥቁ ውስጥ ደብቆ እስከ መጨረሻው ደረጃ ይዞት ይሄዳል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አንዲት የሻካራ ቅንጣት ከገባች የወር ሥራ በጭረት ተበላሸ ማለት ነው።

የምታስቀሯቸውን ላንሳ። ግራናይት ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል፣ ግን ኳርትዝንና ፌልድስፓር የሚባለውን ጠንካራ ማዕድን ሚካ ከሚባል ለስላሳ ማዕድን ጋር የያዘ ድብልቅ ነው። ሚካው ቀድሞ ይፈገፈጋል፣ ቦታው ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። የአሸዋ ድንጋይ ይፈረፈራል፣ የሚወጣው አሸዋም ሌላውን ያበላሻል። ኦብሲዲያን የተፈጥሮ መስታወት ነው፣ በቀላሉ ይሸራረፋል፣ እሱን ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ሞክሩት። ከጤና አንጻር ደግሞ ምንነቱን የማታውቁትን አረንጓዴ፣ ጭረት ጭረት ያለውን ድንጋይ፣ ደማቅ ቀይ ዱቄታማውን፣ ብረት የሚመስል ከባዱን ተዉት። ማላካይት መዳብ አለው፣ ሲናባር ሜርኩሪ አለው፣ ጋሌና እርሳስ የሚባለውን ብረት አለው፣ ሰርፐንቲን በሚባለው አንዳንድ አረንጓዴ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ይገኛል። ማየት ይቻላል። መፍጨት ግን አይቻልም።

የለቀማችሁበትን ቦታም አስቡ። ብዙ የተከለሉ ፓርኮች ውስጥ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፣ የሰው መሬት ላይም ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። ልጁ ይህን ከአሁኑ ቢለምደው ደስ ይለኛል።

ለመጀመሪያው ዙር ግን ምክሬ ይህ ነው፤ የጃስፐርና የአጌት ስብርባሪ ገዝታችሁ ጀምሩ። ልጁ ለሚወዳቸው፣ ራሱ ለለቀማቸው ድንጋዮች ሁለተኛውን ዙር አቆዩለት። የመጀመሪያው ዙር ማሽኑን የምትማሩበት ነው። ደግሞ ማሽኑንም ድንጋዩንም ሳታውቁ ከጀመራችሁ፣ ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችሉም። ከፈተናው ካለፉት የሱ ድንጋዮች ሁለት ሦስቱን ቢጨምር ግን አትከልክዪው።

አሁን ወደ በርሜሉ። ድንጋዩ የሚለሰልሰው እንዴት እንደሆነ ለልጁ ስታስረጂው በርሜሉ ውስጥ የሚሆነውን እንዲያስበው አድርጊ። በርሜሉ ሲሽከረከር ድንጋዮቹን በአንድ ጎን ይዞ ይወጣል። ከላይ ያሉት ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ሲንሸራተቱ በመሃላቸው ያለው ዱቄት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ሥራው የሚሠራው በዚያ መንሸራተት ነው። በርሜሉ ከሞላ የሚንሸራተቱበት ቦታ የለም፣ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይፋቁም። ከጎደለ ደግሞ መንሸራተቱ ቀርቶ ይወድቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሸራረፋሉ። ልኩ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ነው። ውሃው ከድንጋዩ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም፣ የላይኞቹ ድንጋዮች አናት ይታይ።

መጠኑ የተቀላቀለ ይሁን። ለ1 ኪሎ ተኩል በርሜል ከ1 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያሉ ጥሩ ናቸው። ትልልቆቹ ብቻ ከሆኑ የሚነካኩበት ቦታ ጥቂት ነው። ትንንሾቹ መሃል መሃል እየገቡ ዱቄቱን ትልልቆቹ ጎድጓዳ ላይ ያደርሱታል። ትንንሽ ድንጋይ ከሌላችሁ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የሴራሚክ ጠጠር አለ፣ ደጋግሞ ያገለግላል።

ድምፁን ማዳመጥ ተማሩ። በትክክል የተሞላ በርሜል ድምፁ የማይቋረጥ፣ ለስለስ ያለ፣ የሚንሸዋሸው ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ካለ ጎድሏል። ምንም ድምፅ ከሌለው ወይ ከመጠን በላይ ሞልቷል ወይ በርሜሉ መዞር አቁሟል። ይሄን ሥራ ለልጁ ስጪው። ጠዋት ተነስቶ ጆሮውን አቅርቦ «ዛሬ ደህና ነው» ወይም «ዛሬ ይንኳኳል» ይበል። ልጆች በዚህ ከእኛ ይበልጣሉ፣ የድምፁን ለውጥ ቶሎ ይሰማሉ።

ዱቄቱ ሲሊከን ካርባይድ ይባላል። ከአልማዝ በታች፣ በሞህስ ደረጃ 9 ላይ ካለው ከኮረንደም በላይ ጠንካራ ነው፣ ኳርትዝን በቀላሉ ይፍቃል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቸሰን በ1891 ሰው ሠራሽ አልማዝ ልሥራ ብሎ ሲሞክር ነው ያገኘው። በተፈጥሮ ግን ምድር ላይ ብርቅ ነው። ሄንሪ ሞይሳን የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1893 አሪዞና ውስጥ ከወደቀ ተወርዋሪ ኮከብ ስብርባሪ ላይ አግኝቶት መጀመሪያ አልማዝ መስሎት ነበር። ለልጅሽ ይህን ንገሪው። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ውስጥ የተገኘ ነገር በማንኪያ እየሰፈረ መሆኑን ማወቁ ሥራውን ሌላ ያደርገዋል።

ደረጃው አራት ነው። መጀመሪያ 60/90፣ ቀጥሎ 120/220፣ ቀጥሎ 500፣ መጨረሻ ማንጸባረቂያው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ቁጥሩ ከብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዱቄቱ ይደቃል። መነሻው ዱቄቱ የሚነፋበት ወንፊት ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለው። መጠኑ ለግማሽ ኪሎ ድንጋይ 2 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ሰባት ቀን ያህል፣ ሌት ተቀን። ሌሊት ድምፁ ካስቸገራችሁ ማጥፋት ይቻላል፣ ያጠፋችሁትን ሰዓት ኋላ ትጨምራላችሁ። ለብዙ ቀን ግን ቆሞ አይቆይ፣ ጭቃው ይጋገራል።

ሰባት ቀን የተባለው ግን ለመጀመሪያው ደረጃ አይሠራም። ሻካራው ዱቄት በሳምንት ውስጥ ራሱ ተሰባብሮ ይደቅቃል፣ መፋቁን ያቆማል። ስለዚህ በሳምንቱ ትከፍታላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታያላችሁ። ጉድጓድ፣ ስንጥቅ፣ ስለታም ጠርዝ፣ ያልተነካ ሻካራ ቦታ ያለው ሁሉ አዲስ ሻካራ ዱቄት ተጨምሮለት ይመለሳል። አንዳንዱ በአንድ ሳምንት ያልፋል። አንዳንዱ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ቀጣዩ ደረጃ ቅርጽ አያስተካክልም። የሻካራውን ጭረት ብቻ ነው የሚያጠፋው። በመጀመሪያው ደረጃ ጉድጓድ ይዞ ያለፈ ድንጋይ እስከ መጨረሻው ጉድጓዱን ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ነው ልጁን ዳኛ የምታደርጊው። ሦስት ሳህን አዘጋጂ፦ ያለፈ፣ የሚመለስ፣ የሚወጣ። እያንዳንዱን ድንጋይ አድርቆ፣ ብርሃን ላይ አዙሮ፣ በጥፍሩ ዳሶ እሱ ይወስን። አንቺ ባትስማሚም ምክንያቱን ጠይቂውና ተዪው። የሻካራ ቦታ ያለበትን አሳልፎት ከሆነ ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱ ያየዋል፣ ከዚያ ወዲያ አንቺ አታስፈልጊውም። ድንጋዩን አድርቆ ማየት የግድ ነው፣ ምክንያቱም እርጥብ ድንጋይ ሁሉ ያበራል፣ ውሃው ጭረቱን ስለሚሸፍነው።

ያለፉት ድንጋዮች በርሜሉን ለመሙላት እስኪበቁ ለብቻ ይጠራቀሙ። በእነሱ ቦታ ደግሞ ከሚመለሱት ጋር አዳዲስ ድንጋይ ይገባል። እንዲህ ካደረጋችሁ ሻካራው ደረጃ እንደ ምንጭ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ልጁም በየሳምንቱ የሚያየው አዲስ ነገር አያጣም። መጠበቁን የሚያቀለው ይህ ነው። በየቀኑ እንክፈት ካለ ግን አትፍቀጂ፤ ከማስተንፈሱ ውጪ መነካካቱ ጥቅም የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ለልጅ ከባድ መሆኑን አልክድም። ለሱ የሚሆን አንድ ሐሳብ አለኝ። በርሜሉ እየዞረ ሳለ አንድ የእብነ በረድ ስባሪ ስጪው፣ ከውሃ ጋር የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ከ120 ጀምረሽ፣ 220፣ 400፣ 800፣ ካለም 1200 አዘጋጂለት። ውሃ እያስነካ በእጁ ይፈግፍግ። እብነ በረድ ለስላሳ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ልስላሴ ላይ ይደርሳል። ከ120 ወደ 800 ዘሎ ቢሞክር ደግሞ ጭረቱ እንደማይጠፋ በእጁ ያውቀዋል። በርሜሉ ውስጥ በሳምንታት የሚሆነውን በሰዓታት አየው ማለት ነው። ግን ሁልጊዜ በውሃ ይሁን፣ በደረቁ አይደለም።

ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ያለው እጥበት አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም። በርሜሉን፣ ክዳኑን፣ በተለይ የክዳኑን ጠርዝ ሥር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ሻካራ ዱቄት የሚደበቀው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይም ይቦረሽ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አትቁሙ። አቅም ካላችሁ ለማንጸባረቂያው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል መያዝ ብዙ ችግር ያስቀራል። ከ500 ወደ ማንጸባረቂያ ስትገቡ ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና ድንጋዮቹን እዩ፣ የተሰበረ ካለ አውጡት፣ አትዘኑለት።

እዚህ ላይ በጣም የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ጭቃውን ሲንክ ውስጥ አትድፊው። ሽንት ቤትም አይሁን። ያ ጭቃ የድንጋይ ዱቄት ነው፣ ቱቦ ውስጥ ሲዘቅጥ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚጋገረው። በባልዲ እጠቡ፣ ባልዲው ይዝቀጥ፣ የላዩን ውሃ ወደ ውጭ አፍስሺ፣ ከሥር የቀረውን ጭቃ በፌስታል ቋጥረሽ ከቆሻሻ ጋር ጣይው፣ ሳይደርቅ።

ሳይደርቅ ያልኩት ለጤና ነው። ስለ ጤናው የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኳርትዝ አቧራ ሲሊካ ነው፣ ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ሲገባ አይወጣም፣ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰውን ሰው ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ማሽኑ በውሃ ስለሚሠራ፣ ክዳኑም ዝግ ስለሆነ እየዞረ አቧራ አያወጣም። አደጋው ያለው ጭቃው ደርቆ ሲጠረግ፣ ድንጋይ በመዶሻ ሲሰበርና ደረቅ ዱቄት ሲበተን ነው። ስለዚህ የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ አንሺ፣ በመጥረጊያ አትጥረጊ። ዱቄቱን ቀስ ብሎ ይስፈር፣ አይንፋበት። መዶሻውን አንቺ ያዢ። ስትሰብሪ ድንጋዩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልይው፣ ማስክ አድርጊ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ሁለታችሁም አድርጉ፣ እሱ ራቅ ብሎ ቢቆምም። በርሜሉን ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱ ይነቀል፣ እርጥብ እጅ ሞተሩ አካባቢ አይጠጋ። ትንንሽ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የለሰለሱት ድንጋዮች ከረሜላ ይመስላሉና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ የጎማ በርሜል ያለው ማሽን በሩ ሲዘጋ ብዙም አይሰማም፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ግን አይሁን። ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ አድርጊለት። ድምፁን ለማፈን ብለሽ በብርድ ልብስ አትሸፍኚው፣ ሞተሩ አየር ይፈልጋል፣ ይግላል።

ማንጸባረቂያው ካለቀ በኋላ ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ነጭ ጭጋግ ቢታይ አትደንግጡ። በርሜሉን አጥባችሁ፣ ድንጋዮቹን በንጹህ ውሃና በትንሽ የተፈቀፈቀ ተራ ሳሙና ለአንድ ሁለት ሰዓት አሽከርክሯቸው። ዱቄቱ ከላያቸው ይለቃል።

ልጁ «ይሄን እኮ ወንዝም ይሠራዋል» ካለሽ ትክክል ነው። ወንዝ ድንጋይን እያንከባለለ ያድቦለቡለዋል። በ2012 ኪውሪዮሲቲ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ማርስ ላይ፣ ጌል በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ድቡልቡል ጠጠሮች አየች። ለነፋስ የማይቻሉ ትልልቅ ስለነበሩ ሳይንቲስቶቹ እዚያ አንድ ጊዜ ወንዝ ይፈስ እንደነበር አወቁ። አሁን ልጅሽ ጠርዙ የለሰለሰ ጠጠር ሲያነሳ ከየት እንደተነሳና ምን ያህል እንደተንከባለለ መገመት ይችላል። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ያልተለሰለሰ ድንጋይ አስቀሩ፣ ከተለሰለሰው ወንድሙ ጎን ይቀመጥ። ደብተርም ይያዝ፤ ምን ድንጋይ ገባ፣ መቼ ገባ፣ የትኛው ዱቄት፣ ስንቱ አለፈ። ሥዕል ቢጨምርበት ደግሞ የተሻለ።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዙር ደብዝዞ ከወጣ ምክንያቱን ፈልጉለት። ድንጋዩን አድርቃችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ። ቀጫጭን ጭረት ከሞላው ሻካራ ዱቄት ሾልኮ ገብቷል ወይም አንድ ደረጃ ተቻኩሏል፣ በርሜሉን በደንብ አጥባችሁ ወደ 500 ተመለሱ፣ ካልጠፋ ወደ 120/220። ጠርዙ ላይ ነጫጭ የጥፍር ጨረቃ የሚመስሉ ምልክቶች ካሉ በርሜሉ ጎድሎ ድንጋዮቹ ሲጋጩ ነበር፣ በሚቀጥለው የሴራሚክ ጠጠር ጨምሩ። ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ወደ ሻካራው ይመለሳል፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። ሌሎቹ አምረው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ልጁ በምስማሩ ደግሞ ይፈትነው። ከዚህ በኋላም ግራ ከገባችሁ የድንጋዩን ፎቶ ደረቅ ሆኖና እርጥብ ሆኖ ሁለቱንም አንሺና ላኪልኝ፣ የትኛው ዱቄት ላይ ስንት ቀን እንደቆየም ከደብተሩ ጻፊልኝ።